ሽንፈቱን እንችለዋለን፤ ንጥቂያውን ግን አንችልም!

(ከሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የወጣቶች ክፍል ለማስታወቂያ ሰሌዳ የቀረበ)



ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው የፕሌይስቴሽን ቤት ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። ሐሳቡን ያመጣው ነገርም ይታወቃል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጆይስቲኩን ወርውሮ የቴሌቪዥኑን ስክሪን ሰበረ። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በስብሰባውም ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ይኼ ጨዋታ ልጆቻችንን እያሳበደ ነው፤ ይዘጋና እንገላገል!» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኛ አላጨበጨብንም። ለምን እንዳላጨበጨብን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን፤ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱን።

በመጀመሪያ ደረጃ ልጁ ምን ደርሶበት እንደወረወረ ማንም አልጠየቀውም። እኛ ጠየቅነው። ልጁ እየተሸነፈ አልነበረም፤ 2 ለ 1 እየመራ ነበር። በኢንተርኔት ከማያውቀው ሰው ጋር ኳስ ገጥሞ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ የጠበቀው «ተሸንፈሃል» የሚል ጽሑፍ ነው። ለዚያች ግጥሚያ የሦስት ቀን የምሳ ገንዘቡን አጠራቅሞ ነበር። እስቲ ፍረዱ! በኳስ ሜዳ ላይ ድንገት ዶፍ ቢወርድ ዳኛው ጨዋታውን ያቋርጣል እንጂ የሚመራውን ቡድን «ተሸንፈሃል፣ ውጣ» ይለዋል?

ጆይስቲክ መወርወሩን አንደግፍም። የስክሪኑን ዋጋ ግማሹን የልጁ ቤተሰብ ይከፍላል፣ ግማሹን እኛ አዋጥተን ለባለቤቱ ሰጥተናል። ነገር ግን በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱን የሠራውን ትቶ በእጃችን ያለችውን አንዲት ክፍል መዝጋት መፍትሔ መስሎ አይታየንም።

ንዴት ሁለት ዓይነት ነው

አንደኛው ንጹሕ ንዴት ነው። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩ ሲበላበት ይናደዳል። አባቶቻችን ሆይ፣ እናንተስ ብትሆኑ በልጅነታችሁ በመንገድ ዳር ጆተኒ ስትሸነፉ እራት አልበላም ብላችሁ አልተኛችሁም? ይህ ንዴት ሰውን ያጎብዛል። ጥፋቱ የራስህ እጅ ስለሆነ በማግስቱ አርመኸው ትመለሳለህ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ የተባለው የጃፓን ጨዋታ በከባድነቱ የታወቀ ነው፤ ተጫዋቹ አንዱን ጭራቅ ለመጣል ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ይሞታል። ያም ሆኖ ሰው ይወደዋል። ለምን? ሲሞት ለምን እንደሞተ ያውቃላ! በዚህ ዓይነቱ ንዴት ላይ አንዳች ቅሬታ የለንም።

ሁለተኛው ግን ታስቦበት የተሠራ፣ የሚሸጥ ንዴት ነው። ሻጩ እሾሁን እግርህ ውስጥ ራሱ ይከትና ወስፌውን በገንዘብ ያቀርብልሃል። ምሳሌ እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ2012 በስልክ የወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ ብዙ እናቶች ሳይቀሩ የሚያውቁት የከረሜላ ጨዋታ ነው። አምስት ነፍስ ይሰጥሃል። አንዷ ስታልቅ እስክትተካ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለብህ፤ አለዚያም ጓደኛህን ለምን፣ አለዚያም ክፈል! ይህ ጥበቃ የጨዋታው አካል ነውን? አይደለም። ማሽኑ ደክሞት ነውን? አይደለም። ትዕግሥትህ ተሟጥጦ ኪስህን እንድትዳብስ ታስቦ የተተከለ በር ነው።

ሳንቲም የሚበላው ሳጥን ተመልሶ መጣ

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፖንግ የተባለውን ጨዋታ በየመጠጥ ቤቱ አቆመ። ሳንቲም ትከታለህ፣ ትጫወታለህ፣ ሲያልቅ ሌላ ሳንቲም ትከታለህ። በ1978 ደግሞ ስፔስ ኢንቬደርስ ከጃፓን መጣ። የእነዚህ ሳጥኖች ባለቤት የሚያተርፈው ተጫዋቹ ቶሎ ሲሞት ስለነበር ጨዋታዎቹ ቶሎ የሚገድሉ ሆኑ። ይሁን፤ ቢያንስ ሳንቲሙ በዓይን ይታይ ነበር። ኪስህ ባዶ ሲሆን ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።

ቀጥሎ ጨዋታ በካሴትና በሲዲ እየተሸጠ ወደ ቤት ገባ። አንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ ሙሉውን ትይዛለህ። ስትሰለች ለጎረቤት ታውሳለህ፣ ስትቸገር ትሸጣለህ። በሰፈራችን ያሉ ታላላቆቻችን በአንድ ሲዲ ዓመት ሙሉ መጫወታቸውን ይነግሩናል። እኛ ዛሬ የምንናፍቀው ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት መጣና ሳንቲም መክተቻው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን አይታይም። ጨዋታውን በሙሉ ዋጋ ከገዛህ በኋላ ልብሱ ለብቻ፣ ገጸ ባሕርዩ ለብቻ፣ የወቅቱ ትኬት ለብቻ ይሸጥልሃል። በብር ቢሆን እንኳ ቆጥረህ ትደነግጥ ነበር። ነገር ግን በብር አይደለም፤ «ነጥብ»፣ «አልማዝ»፣ «ሳንቲም» የሚል የራሳቸውን ገንዘብ አትመው ሒሳቡን ያምታቱብሃል። የጥቅሉ ልክና የዕቃው ዋጋ ስለማይገጥሙ ሁልጊዜ ጥቂት ትተርፋለች፤ ያችን ላለማባከን ደግሞ እንደገና ትገዛለህ።

ሎተሪ እንኳ ሎተሪ ነኝ ብሎ ይሸጣል

ከሁሉም የባሰው የታሸገው ሣጥን ነው። በኳስ ጨዋታው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል አለ። ቡድንህን የምትሠራው በካርድ ነው። ካርዱ በታሸገ ጥቅል ይመጣል፤ ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቅ ትከፍላለህ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዕድሉን በቁጥር መጻፍ ሲጀምር፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች የሚወጡበት ዕድል በብዙ ጥቅሎች ላይ «ከ1 በመቶ በታች» የሚል ሆኖ ተገኘ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው! ያም ሆኖ ዓመቱ ሲያልቅ አዲሱ ጨዋታ ይወጣል፣ ያጠራቀምከው ካርድ አሮጌው ውስጥ ይቀራል፣ አንተም ከባዶ ትጀምራለህ። ዓመት ሙሉ ተለፍቶ የተገነባ ቡድን በአንድ ቀን አፈር ለበሰ።

የሎተሪ አዟሪው ደጃፋችን ሲያልፍ «ሎተሪ!» ብሎ ይጮኻል። ምን እንደሚሸጥ አልደበቀም፤ ቢደርስህም ገንዘብ ይሰጥሃል። ይኼኛው ግን የልጅ ጨዋታ ነኝ ብሎ ይገባና ቁማር አጫውቶ ይወጣል። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዳዩን መርምሮ ሣጥኖቹ የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ሲል ደመደመ። ኩባንያው ጥቂት ከተከራከረ በኋላ በ2019 መጀመሪያ የነጥብ ሽያጩን በዚያ አገር አቆመ። ጨዋታው ግን አልሞተም፤ የቤልጂየም ልጆች ኳሱን ይጫወታሉ። እንግዲያው ሣጥኑ ለጨዋታው አስፈላጊ ነው የሚሉት ነገር ውሸት ነበር ማለት ነው!

ሌላም እንጨምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል መስማማቱን አስታወቀ። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የግል መረጃ በሚመለከት የተጣለ ቅጣት ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ ደግሞ ያለፈቃዳቸው ለተከፈለባቸው ሰዎች የሚመለስ ነው። ክሱ ምን ነበር ብትሉ፣ የመግዣው ቁልፍ ግራ በሚያጋባ መንገድ ስለተቀመጠ ሰው በአንዲት ጠቅታ ሳያስበው ይገዛል፣ ልጆችም ወላጅ ሳያውቅ ይገዛሉ የሚል ነው። እንግዲህ ያኔ «ልጄ ሌባ ሆነ» ብላ ያለቀሰች እናት ስንት ነበረች? ሌባውስ ማን ነበር?

ላም አለኝ በሰማይ

የገዛነው ነገር የእኛ ነው ብለን ስናምን ኖረናል። ይህም ውሸት ሆነ። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጨዋታ አወጣ። ሰው ገዛ፣ ሲዲውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። መጋቢት 31 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ድርጅቱ ሰርቨሩን ዘጋ፤ ጨዋታው ብቻህን ስትጫወትም ከሰርቨር ጋር ካልተገናኘ የማይነሣ ስለነበር ሲዲው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ጫማ የሸጠልህ ነጋዴ ከአሥር ዓመት በኋላ ሱቁን ሲዘጋ እቤትህ መጥቶ ጫማህን ከእግርህ ያወልቃል?

«ሌላ መንገድ የለም» እንዳይሉን ደግሞ ሶኒ ራሱ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ኮንኮርድ የተባለ ጨዋታ አውጥቶ ገበያ ሲያጣ በሁለት ሳምንት ዘጋው፤ ለገዙት ግን ገንዘባቸውን መለሰ። ይቻላል ማለት ነው! ሲፈልጉ ይችላሉ።

በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾችም ዝም አላሉም። በአውሮፓ ኅብረት የጨዋታ መግደል ይቁም የሚሉ ዜጎች ያቀረቡት አቤቱታ ፊርማ ማሰባሰቢያው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2025 ሲዘጋ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቶ ነበር። በካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ወጥቷል፤ ሻጩ የሚሰጥህ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ «ግዛ» ብሎ ሊያታልልህ አይችልም፣ በግልጽ ሊነግርህ ይገባል። ቢያንስ እውነቱን ነግረውህ ይሸጡልህ ነው ሕጉ የሚለው።

የእኛ ደግሞ ይብሳል

በእኛ አገር በዚህ ሁሉ ላይ የራሳችን ይጨመርበታል። ለአንድ ጨዋታ ከ200 ጊጋባይት በላይ ቦታ የጠየቀበት ጊዜ አለ፤ የኮል ኦፍ ዲዩቲ የ2019 እትም እየታደሰ ሄዶ እዚህ ደርሶ ነበር። በውድ የተገዛ ጥቅል ዳታ አንድ ማደሻ እንኳ ሳያወርድ ያልቃል። ሲዲ ገዝተህ ብትመጣም ከውስጡ ግማሹ የለም፤ «መጀመሪያ አውርድ» ይልሃል። ግማሽ በግ ሸጦ «ግማሹን ከበረት ሂድና ሳብ» እንደማለት ነው።

ትልቁ የጨዋታ ሱቅም መለያ ስንከፍት አገራችንን ከዝርዝሩ ውስጥ አላገኘንላትም። ስለዚህ ያልኖርንበትን አገር ነዋሪ ነን ብለን እንሞላለን፤ ካርዱን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይገዛልናል። አንድ ቀን «አድራሻህ ትክክል አይደለም» ቢሉን ለማን እንጮኻለን? እ.ኤ.አ. በ2024 ሶኒ የሔልዳይቨርስ 2 የኮምፒውተር ተጫዋቾች ሁሉ የፕሌይስቴሽን መለያ ካላወጡ አይጫወቱም ባለ ጊዜ፣ አገልግሎቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ከገበያ ወርዶ ነበር። ተጫዋቹ በአንድ ድምፅ ስለጮኸ ግዴታውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አነሣ። ትምህርቱ ምንድን ነው? ዝም ያለ ይነጠቃል፣ የጮኸ ይሰማል።

መብራቱንማ ምን እንበል! በፕሌይስቴሽን ቤታችን ደንቡ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። መብራት ሲጠፋ ማን ተሸነፈ? የሚመራው «እኔ አሸንፌያለሁ» ይላል፣ የሚመራበት «ገና ነበር» ይላል፣ ባለቤቱ «አንዳችሁ ክፈሉ» ይላል። በሰፈራችን ከተነሡት ጠቦች ብዙዎቹ የተነሡት እዚህ ላይ ነው። ጠቡን የወለደው የኳሱ ጨዋታ ሳይሆን የደንብ አለመኖር ነው። ደንብ ደግሞ እኛው ልናወጣ እንችላለን።

ቢዘጋስ?

እስቲ ይዘጋ እንበል። ልጆቹ ወዴት ይሄዳሉ? ወደ ስልክ ነው የሚሄዱት። በፕሌይስቴሽን ቤት ዋጋው በግጥሚያ የታወቀ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ያያል፤ ታላቅ ታናሹን ይቆጣል፤ ኪስ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ያበቃል። ስልክ ላይ ግን ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ብቻውን ነው።

አንዲት እናታችን ለማኅበሩ ያመለከቱትን እናስታውሳችሁ። ልጃቸው የሞባይል ገንዘባቸውን የምሥጢር ቁጥር አይቶ፣ ለስልክ የተኩስ ጨዋታ «አልማዝ» እንሸጣለን ለሚሉ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ 3,200 ብር ላከ። የቤት ኪራይ የነበረ ገንዘብ ነው። እናቲቱ ምን አሉ? «እኔ እኮ ስልኩን የሰጠሁት ከዚያ ከፕሌይስቴሽን ቤት ወጥቶ እቤት እንዲቀመጥልኝ ነው።» ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንጥራ?

«ጨዋታ ሱስ ይሆናል» ለሚሉን አባቶች እውነታችሁን ነው እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሱስን አስገብቶታል። ነገር ግን መዝገቡ በሽታ የሚለው ሰው ራሱን መግዛት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከኑሮው ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሳይተው ሲቀርና ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቀጥል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ግጥሚያ የተጫወተ ልጅ በሽተኛ አይደለም። በሽተኛ የሆነውን ደግሞ በር ዘግተን አናድነውም፤ አጠገቡ ሆነን እንጂ።

ግለ ሂስ

ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንን ሳንነካ ብናልፍ ማን ያምነናል? ስለዚህ እንናዘዝ። በትምህርት ሰዓት ተጫውተናል። በገንዘብ ተወራርደናል። ሰፈሩ እስኪያፍር ተሰዳድበናል። የተበላሸውን ጆይስቲክ ሁልጊዜ ለትንንሾቹ ሰጥተን «አትችልም» ብለን ስቀንባቸዋል፤ የተበላሸ ጆይስቲክ ለልጅ ሰጥቶ መሳቅ ከእነዚያ ኩባንያዎች ሥራ በምን ይለያል? እህቶቻችን ተራ ሲጠይቁ ወንበሩን አልለቀቅንም። ይህ ሁሉ የእኛው ጥፋት ነው፤ በማንም አናሳብብም።

ስለሆነም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን አቋም ይዘን እንቀርባለን።

1ኛ/ የፕሌይስቴሽን ቤቱ አይዘጋ። በትምህርት ቀናት ከ10 ሰዓት በፊት ተማሪ አይገባበት፤ ሁልጊዜም ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋ።

2ኛ/ የመብራት ደንብ በግድግዳው ላይ ይጻፍ። ከእረፍት በፊት መብራት ከጠፋ ክፍያ የለም፤ ከእረፍት በኋላ ከጠፋ ሁለቱ እኩል ይክፈሉ። አሸናፊም ተሸናፊም የለም። የቤቱ ባለቤት በዚህ መስማማቱን ገልጾልናል።

3ኛ/ በቤቱ ውስጥ ውርርድና የታሸገ ካርድ ግዢ ፈጽሞ አይፈቀድ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ያለው ጊዜ ለሴቶች ልጆችና ለትንንሾች ይለቀቅ፤ ደህናው ጆይስቲክም ለእነሱ ይሰጥ።

4ኛ/ ወላጆች ሆይ፣ የሞባይል ገንዘባችሁን የምሥጢር ቁጥር ከልጅ ሠውሩ፤ ስልኩም ለእያንዳንዱ ግዢ ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጉት። የማታውቁ ካላችሁ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኑ፤ በነጻ እናስተካክልላችኋለን።

5ኛ/ ጨዋታ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ስንት ጊጋባይት ያወርዳል? ከዋጋው በላይ ሌላ የሚያስከፍል ነገር አለው? የተጫወትናቸውን ጨዋታዎች መልስ በዝርዝር ጽፈን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።

6ኛ/ ጨዋታ ለሚሠሩ የአገራችን ልጆችም መልእክት አለን። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ያለባትን ኩኩሉን ሠርቶ እንደሚቻል አሳይቷል። እንግዲህ በርቱ፤ የፈረንጁን ጥበብ ውሰዱ፣ የታሸገውን ሣጥን ግን እዚያው ተዉለት።

አባታችን «ይዘጋና እንገላገል» ያሉት ለልጆቹ አዝነው መሆኑን እናውቃለን። እኛም የምናዝነው ለእነዚያው ልጆች ነው። ያ ልጅ አሁን ጆይስቲክ አልነካም ብሎ ቤቱ ተቀምጧል። በ2 ለ 1 እየመራ «ተሸንፈሃል» የተባለ ልጅ፣ ቀጥሎ በሰፈሩም «ጥፋተኛ ነህ፣ በአንተ ምክንያት ተዘጋ» ከተባለ ሁለት ጊዜ ተነጠቀ ማለት ነው። አንደኛውን ንጥቂያ ልናስቀርለት አልቻልንም። ሁለተኛውን ግን በእጃችን ነው።

በስብሰባው ላይ እንገናኝ!

የወጣቶች ክፍል